የበቅሎዋ ሰንሰለት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ደብረ ማርቆስ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ላፕቶፕ ከተከራየችው ክፍል ከተሰረቀ ወዲህ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ራሴ መቆለፊያ ነደፍኩ። ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ላፕቶፑን እንደተከደነ በመስቀለኛ ያቅፉታል፤ ሰንሰለት ደግሞ ከአልጋዬ እግር ጋር ያስረዋል። ብረቶቹን ብየዳ ቤት አሠራሁ። ሰንሰለቱንና ጓጉንቸሩን ዛሬ አባዬ ከይጁቤ ይዘውልኝ መጡ። በቅሏቸውን የሚያስሩባቸው ናቸው።

በገዛ እጃቸው ቆለፉት። ሦስቴ ጎትተው ሞከሩትና "በይ፣ አሁን ማን ይነካዋል!" ብለው ደስ አላቸው። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻቸው ስመለስ ቁልፉ የለም። ሰኞ የማስረክበው ጽሑፍ ያለው እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ነው! ሰንሰለቱን ልቆርጥ ከብየዳ ቤቱ መጋዝ ተዋስኩ። ግን መጀመሪያ ልደውል አልኩ።

"እኔ ዘንድ ነው፤ ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ" አሉ አባዬ። "የበቅሎ ቁልፍ ጌታዋ ዘንድ ነው እንጂ በቅሎዋ ዘንድ ይቀመጣል እንዴ?"

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። "አባዬ፣ ካልተከፈተ እኮ አልሠራበትም!"

"እኔን! ይህን አላሰብኩም። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እልክልሻለሁ።"

ስልኩን ልዘጋ ስል ትዝ አለኝ። "በቅሎዋስ ዛሬ በምን ትታሰራለች?"

"በገመድ። ሌላ ሰንሰለት እስክገዛ ሌባ እንዳይፈታት እኔም እዚያው ጋጣው ውስጥ አድራለሁ። አንቺ ብቻ አታስቢ።"

መጋዙን ሳልጠቀምበት መለስኩት።