በማር የጠባችኝ ልጅ

ኅዳር 3፣ ረፋድ

እንዝርቱን አስቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። የዘንድሮ የበግ ጠጉር አስቸጋሪ ነው፣ ጭገጎት ሞልቶበታል። ሸማኔው ለባናው፣ ለብርድ ልብሱ፣ ፈትል ቶሎ በይ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ይጠብቅ። እጄ ዛሬ እሺ አላለኝም።

አንቺ ደብተር፣ ትናንት አያ ሽብሩ መጡ። የልጄ የየሺ አጎት፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም። ከራቤል ድረስ። ጠላ ቀዳሁላቸው። ስለ ገብሱ አወራን፣ ስለ ውርጩ አወራን። ከዚያ ዋንጫውን መሬት አስቀመጡና የሺን ልወስድ ነው አሉ። ታናሽ እህቷ ፋንታዬ እሳቸው ዘንድ ናት። አባታቸው ቀድሞ ሞቶ ነበር፤ እናታቸው ስትሞት አንዷ ለእኔ፣ አንዷ ለእሳቸው፣ እንዲያ ነበር የተከፈሉት። እህትማማች ተለያይቶ አያድግም አሉ። ሞግዚት ልሁን ብለው ለፍ/ቤት አመልክተዋል።

ዋንጫቸውን ደግሜ ሞላሁት። ልጄን ሊወስዱ ለመጡት!

ኅዳር 4

የሺ ት/ቤት ናት። ቤቱ ጭር ብሏል።

እናቷ ጎረቤቴ ነበረች። ጓደኛዬ። ስትታመም የፈራችው ሞቱን አይደለም። በድርቁ ጊዜ፣ በደርግ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች በመኪና ጭነው ማሳደጊያ ሲወስዱ አይታለች። ከሰፈራችን የሄዱት አልተመለሱም። ልጄ መኪና ላይ እንዳትወጣ አለችኝ። እኔ ደግሞ መውለድ አልሆነልኝም፣ ባሌም ሞቷል። ስለዚህ ሽማግሌ ተጠራ። አውራ ጣቴን ማር ውስጥ ነክሬ የሺን አጠባኋት። የጡት ልጄ ሆነች። ይህን የካደ ዘሩ አይባረክ ተባለ፣ አሜን ተባለ። አያ ሽብሩም ነበሩ። ከማሩ ቀምሰዋል። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

ኅዳር 6፣ ከሰዓት

ወረዳ ሄድኩ። የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፣ ጨዋታ አዋቂ። ነገሬን ሁሉ አዳመጠች።

«እትዬ፣ ወረቀቱስ?»

«የምን ወረቀት? ማር ነው የላሰችው!»

«ማን አየ?»

«አገር አየ!»

ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አለቀ። በአዲሱ የቤተሰብ ሕግ በማር ጉዲፈቻ ማድረግ ነውር የለውም፣ ግን ፍ/ቤት ቀርቦ መጽደቅ ነበረበት አለች። ካልጸደቀ በሕግ ፊት ጎረቤት ነኝ። አጎት ይቀድመኛል። ጎረቤት! ኩፍኝ ሲይዛት አቅፌ ያስታመምኳት፣ ጎረቤት!

አንድ ነገር ግን ነገረችኝ። ዳኛው ልጅቷን ራሷን ይጠይቃሉ። ልጅ ይጠየቃል እንግዲህ። እኔን ሲድሩኝ ማን ጠየቀኝ? በጥሎሽ የመጡት በጎችም እኔም አልተጠየቅንም።

ቢሆንም ደስ አለኝ። የሺ እኔን ነው የምትለው።

ኅዳር 12

ችሎት ዋልን። ነጠላዬን አጥቤ ነበር የሄድኩት።

አያ ሽብሩ ይክዳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልካዱም። ማሩን ስትልስ ነበርኩ፣ አፌን አላበላሽም አሉ። ፋንታዬ ግን የእህቷ መልክ ጠፍቶባታል፣ እህቴ ጠይም ናት ወይስ ቀይ እያለች ትጠይቀኛለች አሉ። ሰው ክፉ ሲሆን ይሻላል። ትጣያለሽ፣ ይወጣልሻል። እሳቸው ክፉ አይደሉም።

የሺን ለብቻዋ ወደ ቢሮ አስገቧት። ስትወጣ እኔንም እሳቸውንም አላየችም። ለሰኞ ተቀጠርን።

ባለሙያዋ አብራ ገብታ ነበር። ደጅ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እትዬ፣ እርስዎን መረጠች» አለችኝ ደስ ብሏት። ምን አለች ብዬ ጠየቅኩ። ባልጠየቅኩ። «እቴቴ ብቻዋን ናት። እኔ ከሄድኩ ከማን ጋር ትበላለች?» ነው ያለችው።

ደስ አይልም? አለችኝ። ደስ ይላል አልኳት።

ኅዳር 13

አልተኛሁም። ምንም አልሠራሁም።

ትናንት እራት ላይ የሺ የራቤል ገበያ መቼ ነው የሚውለው ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። ወዲያው ስለ ጎረቤት ዶሮ ማውራት ጀመረች፣ እያስመሰለች፣ እኔን ለማሳቅ። ይህን ከእኔ ነው የተማረችው። ሆዴ ሲባባ የማወራውን ወሬ።

ዛሬ ጠዋት ከፈትሉ ትንሽ ቆርጣ ስትወስድ አየኋት። ለኮፍያ ነው አለች። ለማን? አልነገረችኝም። በእጇ መጠን ለካችው፣ ለትንሽ ራስ።

ልጄ አዝናልኝ ነው እቀራለሁ ያለችው።

ኅዳር 14

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አነጋገርኩ። ብሰዳት እርግማኑ ያገኘኛል ወይ አልኳቸው። እርግማኑ ለሚክድ ነው እንጂ እህትን ከእህት ለሚያገናኝ አይደለም አሉኝ። ጡቱም አይሻርም። በዓመት በዓል ትሄጃለሽ፣ ትመጣለች አሉ። ቀላል አድርገው ተናገሩት። እሳቸው ቤት ሁልጊዜ ሰው አለ።

ኅዳር 15፣ ከሰዓት

ቆርጫለሁ። ነገ ከችሎቱ በፊት ለዳኛው ልጅቷን ለእህቷ ስጧት እላለሁ። አያ ሽብሩን አንድ ነገር አስምላቸዋለሁ፣ ከትምህርቷ እንዳያስቀሯት። እንደ ቃላቸው ናቸው፣ ይምላሉ።

ግን የሺ እኔን ትታ አትሄድም። አውቃታለሁ። ስለዚህ ዛሬ እዋሻለሁ። የባሌ እህት ከዓለም ከተማ አብራኝ ልትኖር ትመጣለች እላታለሁ። ከእንግዲህ ብቻዬን አይደለሁም፣ እንዲያውም ቤቱ ሊጠበን ነው እላለሁ። ሴትዮዋን ከባሌ ቀብር ወዲህ አይቻት አላውቅም። በሕይወት መኖሯንም እንጃ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጨዋታ እንደማውቅ፣ ይህችን አንዲት ውሸት አሳምሬ ልናገር። አልጋዋን የት እንደምናደርግላት እየተጨነቅኩ፣ እየተነጫነጭኩ።

በሩ ተንኳኳ። የሺ መጥታለች። ልሳቅ እስቲ፣ መጀመሪያ ልሳቅ።