ቤቱ አሁን ያፈሳል

ወንድም ጋሼ ክንዱ፣

ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ የተከመረው ሣር እንዳያደናቅፍዎት። የራሳችን ጣራ ሣር ነው።

የአባታችንን ቤት ልሸጥ ስል፣ እርስዎ ለመጣው ገዢ ሁሉ «ክዳኑ ያፈሳል» እያሉ ሦስት ሰው መለሱብኝ። የጅጋው ነጋዴማ በቅሎውን እንኳ ሳያስር ነው የሄደው። እኔም ተናድጄ በሽማግሌዎች ፊት «ወንድሜ ውሸታም ነው» አልኩ።

ትናንት ከቡሬው ምሽግ የጣሊያን አስተርጓሚ መጣና «ቤቱን ለአለቃዬ እገዛዋለሁ፤ ነገ ከሰዓት መጥተን እናያለን» አለኝ። እምቢ አይባል ነገር። አባታችን ባረፉበት መደብ ላይ ጣሊያን ከሚተኛ ግን፣ ቤቱ ይፍረስ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጣራው ላይ ወጥቼ ከመደቡ በላይ ያለውን ክዳን ገሽልጬ አወረድኩት። እህሉንና የአባታችንን ዳዊት ጓዳ አስገብቻለሁ፤ የጓዳውን ጣራ አልነካሁም። ሰማዩ ጠቁሯል። ካልዘነበ ግን የእንስራውን ውሃ ራስዎ መደቡ ላይ ይድፉት።

የት ሄደ ካሉዎት፣ ለክዳን የሚሆን ሣር ሊያጭድ ወጥቷል ይበሉ። እርስዎ ግን እራት አያስቀምጡልኝ፤ ዱር ከገቡት አርበኞች ጋር ነኝ።

ሰዎቹ ሲመጡ ያንኑ የድሮውን ቃልዎን ይንገሯቸው። ከእንግዲህ ውሸታም የሚልዎት የለም።

ይሄይስ