በቀይ ክር የተሰፋ ስም

የባቡር መንገድ ሊቀይስ ከጦሩ ጋር ተራራ ለወጣው ልጄ ለልሙኤል፤ ሰላምታዬ ከበረዶው ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች።

የሱፍ ካልሲና ሸሚዝ ልኬልሃለሁ። በሁሉም ላይ ስምህን በቀይ ክር ሰፍቼበታለሁ። ጎረቤታችን ታቢታ አይታ፣ «አንቺ ሐና፣ ካልሲውን ድብ ይሰርቀዋል ብለሽ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ሲታጠብ ከሰው ልብስ እንዳይቀላቀል ነው» አልኳት።

የወንድምህ የዕዝራ ሸሚዝ ስም አልነበረበትም። በሜክሲኮ ጦርነት ከወደቁት መካከል የትኛው እሱ እንደሆነ የሚለይ ጠፍቶ፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ቀበሩት።

አምላክ እግርህን ከገደል ይጠብቅልኝ። ልጄ፣ ሸሚዙ ቢቆሽሽም ግድ የለም፤ ስትተኛም እንኳ አታውልቀው።

እናትህ ሐና