ያልታገተው ታጋች

ባንተአምላክ፣ የወይራ ዱላዬን ቀሙኝ። እዚህ ጅቡቲ የብዙ አገር ባሕር ኃይሎች የባሕር ላይ ወንበዴን ለመከላከል አብረው ሲለማመዱ፣ ወደብ ላይ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ይኸነው መርከብ ላይ ታጋች መንገደኛ ሆኜ እንድቀመጥላቸው ወሰደኝ። እንደ ወንበዴ ፊቱን የሸፈነ መርከበኛ ትከሻዬን ተጭኖ ሊያስቀምጠኝ ሲል፣ ልምምድ መሆኑን ረሳሁና በዱላ አልኩት።

«አያ፣ እርስዎ እኮ ታጋች ነዎት» አለኝ ይኸነው።

«የእንጅባራ ፈረሰኛ እጁን አጣጥፎ አይታገትም» አልኩት።

ባሕሩ እንደ ዘንገና ሐይቅ ዝም ብሎ የሚተኛ አይደለም። ማዕበል ሲመጣ አግዳሚ ወንበሩን እንደ ኮርቻ ተፈናጥጬ መርከቧን በጭኔ ልገራት ስል ተዘረርኩ፤ አስመለሰኝም። ዳንግላ ጠጅ ቤት ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ቀይ ባሕር ስተነትንላችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። የሦስት አገር መርከበኞች እጅና እግሬን ተካፍለው አወረዱኝ፤ የመታሁት ወንበዴ ሳይቀር ራሴን ደግፎ ውኃ አጠጣኝ። ትብብራቸው እንከን የለውም።

ዱላዬን ግን «የመታኸውን ሰው ይቅርታ ጠይቅና ውሰድ» አሉኝ። አልጠየቅሁም፤ እዚያው ቀረች።

ለባለቤትህ ለማስተዋልና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለጥር የፈረስ በዓል ሌላ ወይራ አስቆርጥልኝ። ስመጣ ምን ሆነህ ነው እንዳትለኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።