ውሃው በየት እንደሚገባ አገኘሁት

ታዴ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለያየን ወዲህ በጋው አልፎ ክረምት ገባ። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ያሳረፍንህ በጥር ፀሐይ ነበር፤ አፈሩ ደርቆ ይበን ነበር። አሁን ኮልፌ በሙሉ ጭቃ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያ እላለሁ፣ ሰውም አምኖኝ ይሄዳል።

ሱፍ የምትሰፋላቸው ደንበኞችህ ሌላ ልብስ ሰፊ ይዘዋል። እኔ የሴቶቹን ቀሚስ እሰፋለሁ። ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ ሲለኝ፣ ሳላስበው እጄ ወደ አንተ ወንበር ይዘረጋል። ዓይኔ መድከሙን የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ፤ መርፌውን ተቀብለህ፣ አስገብተህ፣ ሳትናገር ነበር የምትመልስልኝ። አሁን የሚገባ ጎረቤት እንዳያየኝ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እታገለዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ መኪናችን ነው። አንተ ያቆምካት ቦታ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ናት። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ አንድ ጠዋት በሩን ብከፍተው የሻጋታ ሽታ ፊቴን መታኝ። በእኔ ወንበር በኩል ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። የኋላ ወንበር ላይ የተውከው ካፖርትህ እጅጌው ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቶበታል። ካፖርቱን እስከዚያ ቀን ያላነሳሁት አንተ ስላስቀመጥከው ነበር። አውጥቼ አሰጣሁት። ሽታህ ለቆታል፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ከበደ ከአውራጃ ፍርድ ቤት ሲመለሱ ጎራ ብለው አዩዋት። «ላሜራው በስብሷል» አሉኝ። «ከመስቀል በፊት ትሸጥ። ቆይታ ለማንም አትሆንም፤ ለአንቺም ሸክም ናት።» ቤተ ዘመድ የሚያከብራቸው ሰው ስለሆኑ አልመለስኩላቸውም። ሲወጡ ግን፣ በስብሳለች ተብላማ ከዚህ ግቢ አትወጣም አልኩ፣ ለራሴ።

ከሆለታ ስንመለስ ዝናብ የያዘን ቀን ትዝ አለኝ። ከፊቴ ከዳሽቦርዱ ሥር ጠብ ጠብ እያለ ጫማዬን ሲያበሰብሰው፣ መንገድ ዳር አቁመህ ኮትህን አወለቅክና እግሬ ሥር አነጠፍከው። «ይበርድሃል» ብልህ፣ «መኪናዋ እንደሆነች ቀንታብሽ ነው የምታለቅሰው» አልከኝ። እስከ ኮልፌ ሳቅን። አንድ ቀን ተቀምጠን በየት እንደሚገባ እንፈልገዋለን ብለህ ነበር። ያ ቀን ሳይመጣ ቀረ።

እናም ብቻዬን ጀመርኩት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የበሩን ጎማ ነው። ከመርካቶ አዲስ ጎማ አምጥቼ፣ አሮጌውን ልጬ፣ በማስቲሽ አጣበቅኩት። በማግስቱ ዘነበ፤ ውሃው እዚያው ቦታ ተኝቶ ጠበቀኝ። ከዚያ ፀሐይ ብልጭ ያለች ቀን ከቦኖ ውሃ ቀድቼ፣ ከላይ አፍስሼ፣ ሮጬ እየገባሁ ማየት ያዝኩ። እኔ እስክደርስ ውሃው ወለሉ ላይ ነው፤ የመጣበትን መንገድ አላየውም። ደግሜ አፈሰስኩ፣ ደግሜ ሮጥኩ። ለካ ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፦ አንዱ ውጭ ሆኖ ሲያፈስ፣ ሌላው ውስጥ ተቀምጦ የሚያይ። ባዶውን ባልዲ ይዤ የመኪናዋ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከቀብርህ ቀን ይልቅ ብቻዬን መሆኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሰፈሩም አይቶኛል። በክረምት መኪና የምታጥብ ሴት አእምሮዋን ስታለች ተባለ መሰለኝ፣ እትዬ ብርቄ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን፤ ከለቅሶው ወዲህ በሬን ሲያንኳኩ ተኝቻለሁ እያልኩ ስመልሳቸው የከረምኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?»

«ውሃ እየፈለግሁ ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ዝናብ ውሃ ጠፋብሽ?»

ሳቄ መጣ። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፁ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ነገሩን ስነግራቸው ነጠላቸውን ጠቅልለው ገቡና በእኔ ወንበር ተቀመጡ። የልብስ ማስመሪያ ጠመኔያችንን ፈጭቼ ከዳሽቦርዱ ሥርና ወለሉ ላይ ነሰነስኩት፤ ውሃው ሲያልፍ መንገዱ እንዲታይ። ባትሪ ሰጠኋቸው። ከታች ጀምሬ ወደ ላይ በጥቂት በጥቂቱ አፈሰስኩ። በሩ ላይ፣ «የለም!» አሉ። የመስታወቱ ጎማ ላይ፣ «የለም!» ከፊት መስታወቱ ሥር፣ አየር የሚገባበት ወንፊት ላይ ሳፈስ ግን ጮኹ፦ «መጣ! ኧረ በቀሚሴ መጣ!»

የሞተሩን ኮፈን ከፍተን ወንፊቱን ፈታሁት። ከሥሩ የባሕር ዛፍ ቅጠል በስብሶ እንደ ጭቃ ተጠቅጥቋል። ዝናቡ የሚወርድበትን ቀዳዳ ደፍኖት፣ ውሃው ሲሞላ ወደ ውስጥ ይገለበጥ ኖሯል። በእጄ ዛቅሁት፤ ቀዳዳውን በሽቦ ጠረግሁት። ውሃው በፊት ጎማዋ ሥር ኩልል ብሎ ሲወርድ እትዬ ብርቄ እልል አሉ። ዝገት ላሜራውን የበላበት ጣት የምታክል ቦታ ነበረች። ዝገቱን ፍቄ፣ አድርቄ፣ ሸራ ቆርጬ በሬንጅ ለጠፍኩባት። ልብስ እንደ መጣፍ ነው፤ ከተቀደደው አስፍተሽ ቁረጪ ያልከኝን አልረሳሁም።

ያለፈው እሑድ ጋሽ ከበደ ገዢ ማግኘታቸውን ሊነግሩኝ መጡ። ገና ሳይጨርሱ ዶፉ ወረደ። «ይግቡና ይዩ» ብዬ መኪናዋ ውስጥ አስገባኋቸው፤ እሳቸው በአንተ ቦታ፣ እኔ በራሴ። ጣራው እስኪጮህ ዘነበ። ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ እጃቸውን አዩት፤ ደረቅ ነው። ቆይተው መሪውን ይዘው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«በስብሳለች ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አሉኝ። «በዚህ በር ባለፍኩ ቁጥር ታዴ ከውስጧ የሚወርድ እየመሰለኝ ነው። ማየት አቅቶኝ ነው፣ አሰለፈች።»

እኔ ደግሞ እሳቸው የረሱህ መስሎኝ ስንት ወር ዝም ብያቸዋለሁ! ዝናቡ እስኪያባራ ሁለታችንም አለቀስን። ሲወጡ ለገዢው ቀርቷል እንደሚሉት ነገሩኝ። ጭቃው ሲደርቅ መንዳት ሊያስተምሩኝ ነው፤ መጀመሪያ የምንሄደው ወደ አንተ ነው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ከመኪናዋ አልወረድኩም። ሁሉም ደርቋል፣ ሁሉም ጸጥ ብሏል። ያንተ ወንበር ላይ የሳቸው ሙቀት ነበር፤ እጄን ባሳርፍበት እሱም ቀስ እያለ በረደ። ታዴ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲጎድል በምን እንደሚደፈን አላውቅም፤ መድፈንም አልፈልግም። በጎደለው በኩል እንደልብህ ግባ። ክረምት በገባ ቁጥር፣ በጋም ቢሆን፣ ስምህን ጠርቼ እጠብቅሃለሁ።

ያንተው አሰለፈች