ቀይ ጥንዚዛዎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ግንቦት 9 ቀን 1960 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሐጅዎን አላህ ይቀበልዎ። ከመካ ሲመለሱ አስመራ ላይ ታመው ከቀሩ ወዲህ ሌት ተቀን ስናስብዎ ነበር። አሁን እህል መቅመስ እንደጀመሩና በእግርዎ ከግቢ ወጥተው እንደሚመለሱ አክስቴ ጽፋልን፣ አልሐምዱ ሊላህ ብለናል። እኔና ወንድሜ ቡሽራም በጤና አለን። ከዚህ በታች ያለውን ግን እባክዎን ብቻዎን ሆነው፣ ተቀምጠው ያንብቡት።

እንፍራንዝ ያለው የብርቱካን እርሻዎ ጠፍቷል። ከዘጠናው ዛፍ ዛሬ ነፍስ ያለው ሃያ አይሞላም። ጎርፍ አልወሰደውም፣ ቃጠሎም አልደረሰበትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አሁን ከተጻፈ በኋላም ሳነበው የሌላ ሰው ነገር ይመስለኛል።

በታኅሣሥ ሲሄዱ ማኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሳለ በመስኮት ጎንበስ ብለው የነገሩኝን አልረሳሁትም። የውኃው ተራ እንዳያልፈን፣ የአትክልተኛው የአያ ክንዱ ቀለብ እንዳይጓደል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ዛፉ ላይ መድኃኒት የሚባል ነገር እንዳታስነኪ» የሚል ነበር። እሺ አልኩ። በልቤ ግን የሽማግሌ ፍርሃት ነው ብዬ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ በክፍል ቆሜ ስለ ሳይንስ የምናገር ሰው ነኝ። እንዲህ ነበር የማስበው።

ጥንዚዛዎቹ ሲመጡ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከአስመራ ያመጧቸው ችግኞች ነጭ ቅማል የምንለውን የዛፍ ተባይ ይዘው መጥተው፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ጥጥ የተጠቀለለበት ይመስል ነበር። በወጣትነትዎ የሠሩበት፣ ጥንዚዛ ይህንኑ ቅማል ሲበላ ያዩበት የአስመራው አትክልት ቦታ ትዝ ብሎዎት ተመልሰው ሄዱ። ሦስት ቀን ሙሉ የፋኖስ ብርጭቆ ጭንዎ ላይ አስቀምጠው፣ አፉን በሻሽ አስረው፣ የሊማሊሞን አቀበት እያጠሉላቸው መጡ። ውስጡ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛዎች ነበሩ። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ለጎረቤት ስታወራ «ሰው ከአስመራ ሻሽና ሽቶ ያመጣል፤ የኔው ሰውዬ ትኋን ይዞልኝ መጣ» ትል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። በዓመቱ ግን ነጩ ቅማል ከነዘሩ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ብቅ ባለ ቁጥርም ጥንዚዛዎቹ ይበሉት ነበር። ሌላ ነገር አይበሉም፣ ዛፉንም አይነኩም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ጠበቁልን።

በጥር ወር አረንጓዴ ትል ለጋውን ቅጠል መብላት ጀመረ። አያ ክንዱ «በእጃችን እንለቅመዋለን፣ ሸጋ ነው፣ ብዙም አይደል» አሉኝ። እኔ ግን ዕረፍት የማገኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበርና ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ፈለግሁ። በዚያው ሳምንት አድማሴ የሚባል ወጣት የእርሻ ባለሙያ እንፍራንዝ መጥቶ ነበር። ትሑት ልጅ ነው። ቅጠሉን አገላብጦ አይቶ፣ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መድኃኒት ከተረጨበት ሥራው አንድ ቀን እንደማይፈጅ ነገረኝ። ዛፉን ይጎዳው እንደሆነ ጠየቅሁት። ዛፉን አይነካም አለ፤ እውነቱን ነበር።

ስለ ጥንዚዛዎቹ አልጠየቅሁትም። አባባ፣ ረስቼ አይደለም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በተማረ ሰው ፊት የአባቴን ትኋን ማንሳት አሳፈረኝ። ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተረጨ። ትሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ እየተጠቀለለ ሲረግፍ አይቼ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም አጨበጨብኩ። በማግስቱ ጠዋት ከቡሽራ ጋር ወደ እርሻው ስንገባ ከዛፎቹ ሥር ምድሩ ቀልቶ ነበር። ሠራተኛ በርበሬ ተሸክሞ ሲያልፍ የፈሰሰበት መሰለኝ። ማን ነው እንዲህ ያደረገው ብዬ ጎንበስ አልኩ። በርበሬው እግር ነበረው። በጀርባቸው ተኝተው የሚንፈራገጡም ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን ደርቀዋል። ከዚያኛው ዛፍ ሥርም፣ ከዚያ ወዲያ ካለውም፣ እስከ ቦዩ ድረስ እንደዚያው ነበር። እንዲህ ብዙ መሆናቸውን በሕይወት ሳሉ አላውቅም ነበር።

አያ ክንዱ ቁጢጥ ብለው በመዳፋቸው ይሰበስቡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ሸምሲያ፣ ስለነዚህ ለሰውዬው አልነገርሽውም?»

«አልነገርኩትም አያ ክንዱ።»

የሰበሰቡትን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ተነሥተው ሄዱ። ምን እንዳደረጉበት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ጎንደር ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጥንዚዛ አያልቅም፣ ከየትም ተመልሶ ይፈላል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ በቅርንጫፎቹ ሥር ነጭ ነጭ ነገር አየሁ። በአምስተኛው ሳምንት ጥጡ ግንዱን ወርሶት ነበር። ከላይ እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር እየተንጠባጠበ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ተጣበቀ። ጉንዳን በሰልፍ ይወጣል፤ ቅጠሉ ጥቀርሻ የለበሰ መሰለ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ያ ነጭ ነገር ነበር፤ ግን ያን ጊዜ የዚህን ሩብ አያክልም።

ያን ጊዜ እንኳ ብመለስ ጥሩ ነበር። እኔ ግን እየሮጥኩ ወደ አድማሴ ሄድኩ። እርሱም ምናልባት መጠኑ አንሶ ይሆናል፣ ጠንከር ተደርጎ ይደገም አለ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። በጀርባ የሚታዘለው የመርጫ ፓምፕ ሲመጣ አያ ክንዱ ከፊታቸው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ይህን አባትሽ አያ ሷሊሕ በአፋቸው ካልነገሩኝ በቀር ጀርባዬ ላይ አላወጣም።»

እኔው ተሸከምኩት። ልጅ አዝዬ የማላውቅ ሴት ያንን ፓምፕ አዝዬ ከዛፍ ዛፍ ዞርኩ። ይህን ሌላ ሰው ሳይነግርዎት ከእኔ ይስሙት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስካሁን አእምሮዬ አልተቀበለውም። ሸረሪቱ ሞተ። ከአበባው ላይ የነበሩት ንቦች ሞቱ። ቀጭን ወገብ ያላቸው ትንንሽ ተርቦችም ሞቱ። በእርሻው ውስጥ ያልሞተው ነጩ ቅማል ብቻ ነበር። ውኃ ያጠጣነው ይመስል ጨመረ። በአንድ ቅርንጫፍ ሥር ቆሜ ወደ ላይ አይቼ፣ የጠላትን ቤት ጠርጌ አንጥፌ የሰጠሁት እኔ መሆኔ ያን ዕለት ገባኝ። ቦዩ ዳር ተቀመጥኩ።

መጋቢት ሳያልቅ ቅጠሉ ረገፈ። ፍሬው ለውዝ ሳያህል ወደቀ። ቡሽራ ሠራተኛ ይዞ የደረቁትን ቆርጦ አቃጠለ። ከቦዩ አጠገብ ያለው፣ እናቴ በእጇ የተከለችው ዛፍም ከተቆረጡት አንዱ ነው። እርሱን ሲቆርጡ እኔ አልነበርኩም፤ ልሁን ብልም አልችልም ነበር።

በሚያዝያ አድማሴ ራሱ መጣ። ከቆረጥነው ግንድ በአንዱ ላይ ተቀመጠ። የሆነውን ለአለቆቹ ጽፎ ኖሮ መልስ መጥቶለታል። ባሕር ማዶ በአንድ አገር፣ በዚሁ መድኃኒት፣ ይኸው ዓይነት ጥንዚዛ አልቆ ነጩ ቅማል ብርቱካኑን እንደፈጀው ተጽፎለታል። ከሃያ ዓመት በፊት ነው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ታውቆ የኖረ ነገር ነው» አለኝ። «ለእኛ ግን የነገረን የለም።»

«ለእኔ ተነግሮኝ ነበር» አልኩት።

አይፍረዱበት አባባ። እርሱ ያላወቀውን ነው ያደረገው።

ከዚያ ወዲህ በሕይወት የተረፈ ጥንዚዛ ፍለጋ ያልሄድኩበት የለም። የጉዛራን ግንብ አካባቢ ሁሉ ዞርኩ፤ ሎሚ ያለበት ግቢ ሁሉ ገባሁ። በመጨረሻ አያ ክንዱ ወደ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ቤት ወሰዱኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ብቻቸውን የሚኖሩት መነኩሲት ናቸው፤ ከዓመታት በፊት እርስዎ አንድ የሎሚ ችግኝ ሰጥተዋቸው ነበር አሉ። ሎሚው አድጎ ከጣሪያቸው በላይ ሆኗል። ቅርንጫፉን ገለጥ ሳደርግ አንዲት ቀይ ጥንዚዛ ስትሄድ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ አየሁ። አለቀስኩ፤ እማሆይ ምን እንዳስለቀሰኝ ግራ ገባቸው። ስነግራቸው «ታዲያ የአባትሽ ከብት አይደል እንዴ፣ ነጂው» አሉኝ።

በቅጠል ጠቅልዬ ወስጄ በተረፉት ዛፎች ላይ ለቀቅኋቸው። በማግስቱ ጠዋት ከሥር ወድቀው አገኘኋቸው። ከተረጨ ሁለት ወር አልፎታል አባባ! መርዙ ግን ከቅጠሉ ላይ አልወረደም። የመጀመሪያውን ባለማወቅ ብዬ ራሴን እሸነግል ይሆናል፤ እነዚህን ግን ለማዳን ብዬ በእጄ ወስጄ ወደ ሞት አገባኋቸው። ከሁሉም የደነገጥኩት ያን ጠዋት ነው። በገዛ እርሻችን ውስጥ የቆምኩበት መሬት እንግዳ ሆነብኝ፤ ምኑ እንደሚገድል ምኑ እንደማይገድል ማወቅ አቃተኝ።

እማሆይ ጋ ተመልሼ ሌላ ልውሰድ ብላቸው እምቢ አሉ።

«በቃ ልጄ፣ ያሉትንም አትጨርሻቸው። እነሱን ወደ ቅማሉ አትውሰጂ፤ ቅማሉን ወደነሱ አምጪው።»

እንዳሉት አደረግን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርሻው ቅማል ያለበትን፣ ከተረጨ በኋላ የበቀለውን ለጋ ቅርንጫፍ እየቆረጥን እማሆይ ሎሚ ላይ እንሰቅላለን። ጥንዚዛዎቹ ይበላሉ፤ ሲባዙም አይተናል። ቀይ እንቁላላቸውን ነጩ ጥጥ ላይ ሲጥሉ አያ ክንዱ አሳይተውኛል። ክረምቱ ዝናብ አጥቦት፣ ዛፉ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ግን አንዳቸውንም ወደ እርሻው አንመልስም። ይሳካል ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። አድማሴም ቢሆን አያውቅም፤ ግን በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ አብሮን ይቆጥራል። ሌሎች ገበሬዎች ግቢያቸውን ሊያስረጩ ሲመጡም መጀመሪያ እኛ ጋ እያመጣ የተቆረጡትን ጉቶዎች ያሳያቸዋል።

ቡሽራ ይህን ሁሉ እንዳልጽፍ ለምኖኝ ነበር። ልብዎ ገና አልጠናም፣ በሽታ ገባበት እንበላቸው፣ ከአላህ የመጣ ነው ካልናቸው ይጽናናሉ አለኝ። ለእርስዎ ብሎ ነው፤ አይቆጡት። ለሁለት ቀን እኔም ተስማምቼ ነበር፤ እንዲያውም ያንን ደብዳቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ሳነበው ግን አልቻልኩም። እኔ በገዛ እጄ ያደረግሁትን አላህ ላይ አድርጌ፣ ከሐጅ የተመለሰ አባቴን ደጅ ላይ ልቀበል? ቀደድኩት።

ይቅርታን በወረቀት አልለምንም፤ ፊትዎ ቆሜ ነው የምለምነው። እንፍራንዝ ሰው ቀድሞ እንዳያወራልዎት ጎንደር ሲደርሱ መጀመሪያ ቤት ይረፉ። ከዚያ አብረን እንሄዳለን፤ ዛፍ በዛፍ አሳይዎታለሁ፣ አንዱንም አልደብቅዎትም። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። የሚሉኝን ሁሉ ግን ከአፍዎ መስማት እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ቁጣዎን መንገድ ላይ አይጨርሱት፣ ይዘውልኝ ይምጡ። የሚመጡበትን ቀን አክስቴ ትጻፍልኝ እንጂ ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ማኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

ልጅዎ፣
ሸምሲያ ሷሊሕ