ዘንጉ ያልደረሰው ነጂ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፰ ቀን ፲፰፻፸፯ ዓ.ም.፣ አንኮበር

የጠዋት ቆጠራ፦ በቅሎ አሥራ አንድ፣ አንዷ ታነክሳለች። አሞሌ ሃያ አራት ጭነት። ቡና ስድስት። ዝናቡ አላባራም። የዕቃ ቤቱ ክዳን ያፈስሳል፤ ከርሞ አስከድነዋለሁ እያልኩ ሦስተኛ ዓመቴ።

ነጂዬ አብዱልሀሚድ ከደብረ ብርሃን የጫነው አሞሌ ጨው ቅዳሜ ነው የገባ። ዕቃ ቤቱ ስለሚያፈስስ ወደ በቅሎ ጋጡ አስገቡት አልኩ፣ እዚያ ደረቅ ነው። ዛሬ ዘርአ ዳዊት ሊቆጥር እስሮቹን ፈታ። የሚስቴ ወንድም ነው፣ ዕቃ ቤቱ በእጁ ነው። መጥቶ በራፉ ላይ ቆመ።

«የሦስት እስር አሞሌ ሳስቷል። አንዳንዱማ እኩሌታው የለም።»

«ተፍቋል?»

«አዎ፣ ተፍቋል።»

ሌላ ምን ልጠይቅ? መንገድ ላይ ጨው እየፋቁ ፍቅፋቂውን ለባላገር መሸጥ የነጂ የቆየ ሥራ ነው። ግን አብዱልሀሚድ... ስምንት ዓመት አብሮኝ። ለዚህ ነበር?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፱

አብዱልሀሚድ አልዩ አምባ ቤቱ ነው። ልጠራው አሰብኩና ተውኩት። ነገ እዚያው ገበያ ላይ ክሱን ይሰማል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ ፲

ተፈረደ።

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን፣ የሲራራ ነጋዴዎቻችን አለቃ፣ ገበያው ካለው ዋርካ ሥር ለዳኝነት ተቀመጡ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ የሐጂን ዘንግ የያዘ ይናገራል፤ ከሳሽ ሲጨርስ ለተከሳሽ ያቀብላል። ያለ ዘንግ የተናገሩት አይቆጠርም። ዘንጉን ይዤ ተናገርኩ። አላበዛሁም። የሳሳ አሞሌ፣ ሦስት እስር፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በእጁ የነበረ እሱ። ነጋዴዎቹ ጭነታቸውን ጥለው ነው የቆሙት፤ ደመናውም እየወረደ ነው።

«የነሱ ቤት ወጥ ጨው የበዛው ለካ...» አለ አንዱ። ሳቁ።

አብዱልሀሚድ ዘንጉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እኔ ለሐጂ መለስኩት።

ለምን? ስለቸኮልኩ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

«ጌታዬ፣ አሞሌው ይምጣና ይታይ» አለ በባዶ እጁ። «ቢላ ያረፈበት ጨው ምልክት አለው።»

«አሞሌው አንኮበር ነው» አልኩ።

«እንግዲያው እስኪመጣ ይቆየኝ።»

ሐጂ ሰማዩን አዩ። «ገበያው ሊበተን ነው። ገብረ ጻድቅ ደግሞ የሚዋሽ ሰው አይደለም» አሉ፣ እኔን ማለታቸው ነው።

አለቀ። ከሲራራው ይውጣ፣ የራሱ በቅሎ ለእኔ ካሳ ትሁን፣ ማንም ነጋዴ ጭነት እንዳያስነካው። አልጮኸም። የበቅሎዋን ገመድ እጄ ላይ አኖረ። «ግራ ጆሮዋን ሲነኳት አትወድም» አለኝ። ሄደ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፲፬

አዲሱ ነጂ የሁለት በቅሎ ጀርባ ላጠ። አብዱልሀሚድ በስምንት ዓመት አንድም አላላጠም... ይህን ለምን እጽፋለሁ?

እሑድ፣ ሚያዝያ ፲፱

ከቅዳሴ መልስ ወደ ጋጡ ገባሁ። ትናንት የመጣው አሞሌ ግድግዳው ሥር ተደርድሯል፣ እኔው እንዳዘዝኩት። ግራጫዋ በቅሎ አንገቷን አስረዝማ፣ ምላሷን በእስሩ ልጥ መሐል ሰድዳ ትልሳለች። አጠገቧ ያለችውም። ሲያዩኝ እንኳ አላቆሙም።

አንዱን አሞሌ መዘዝኩ። እርጥብ ነው። ጎኑ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፣ ለስልሷል። ቢላ የሚባል አልነካውም።

የዚያን ጊዜውን አሞሌ አስመጣሁ። ዘርአ ዳዊት ከሳሱት ስድስት ለይቶ አስቀምጦ ነበር። ያው ነው። ስድስቱም ያው።

«የቢላ ምልክት አይተህበት ነበር?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ተፍቋል ብለህ?»

«ተፍቋል ያልከው አንተ ነህ። እኔ አዎ አልኩ።»

ልመታው ነበር። ምን ብዬ? እውነቱን ነው። እኔ ነኝ ነገሩን አፉ ውስጥ የጨመርኩለት። ከብት ጨው እንደሚወድ ሕፃን ያውቃል። ሃያ ዓመት ነግጄ ጨው ከበቅሎ ጋር አሳደርኩ፣ ከዚያ ሰውየውን ሌባ አልኩት። አሞሌውን አገላብጬ ለማየት የአንድ እስትንፋስ ጊዜ አይፈጅም ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፳

በቅሎዋን አስከትዬ አልዩ አምባ ወረድኩ። አብዱልሀሚድን ዳገቱ ላይ አገኘሁት፣ የአንዲት ሴት ማሽላ በጀርባው ተሸክሞ፣ ሴትዮዋም ከኋላው። አርባን ያለፈ ሰው።

«አብዱልሀሚድ።»

«ሸክም ላይ ነኝ፣ ጌታዬ።»

አልቆመም። ከጎኑ ሄድኩ። ዳገት ላይ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ግን ነገርኩት። በቅሎዎቹ፣ ጋጡ፣ ምላሳቸው...

«ቢያሳዩኝ ያን ዕለት እነግርዎት ነበር» አለ። «የበቅሎ ምላስ መቼ ይጠፋኛል?»

«በቅሎህ ያቻት። ከነገ ጀምረህ ግባ።»

«ማን ሰማ?»

«ምኑን?»

«ሌባ ሲሉኝ ገበያው ሰምቷል። አይደለህም ሲሉኝ የሰማች ይቺ ሴትዮ ብቻ ናት።»

ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። 

«ምን ላድርግልህ?»

«ዘንጉ ይሰጠኝ። በዚያው ሰው ፊት። የሚቀረውን አላህ ያውቃል።»

«በቅሎህን እንኳ ውሰድ።»

«በፍርድ ነው የሄደችው። በጓሮ አልቀበላትም።»

ሴትዮዋ «ማሽላው ሊመሽበት ነው» አለች። እሱ ወደ ላይ ቀጠለ፣ እኔ ገመዱን ይዤ ከኋላ ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፩

ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። አሞሌውን አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«በቅሎውን መልስለታ።»

«አልቀበልም አለ። ዓርብ ይሰማልኝ፣ ሐጂ።»

«ሠላሳ ሰው የሰማውን ፍርድ ላፍርስ? ዛሬ ለእሱ ዘንጉን ብሰጥ ነገ ነጂ ሁሉ ቃሌን ስሙኝ ይላል። መቼ እንጭናለን?»

«ቢልስ?»

«የሐሰት ከሳሽ የሚደርስበትን ታውቃለህ» አሉኝ። «ለእሱ የጠየቅኸው ላንተ ይመለሳል።»

አውቃለሁ። ከሲራራው መውጣት። የአንድ በቅሎ ካሳ። ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው።

«አውቃለሁ።»

«ሞኝ ሆነሃል ልበል?»

«ሞኝስ ያን ዓርብ ነበርኩ። አንቱም አጠገቤ ነበሩ።»

አልወደዱትም። እንቢም አላሉም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፳፪

ሁለት ነጂዎች አንጭንም አሉ። «ነገ የኛ ተራ ነው» ተባብለዋል፣ የአብዱልሀሚድ ወሬ ደርሷቸዋል። እንግዲህ ዓርብ ገበያ የምወርደው ለሕሊናዬ ነው ወይስ ለጭነቴ? ለሁለቱም ይሆናል። አላጣራውም። ለአብዱልሀሚድ ልዩነት የለውም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፳፫

ሲራራው ሰኞ ይነሣል። የኔ ጭነት አልታሰረም፤ ከተፈረደብኝ አብሮ አይሄድምና ባይታሰር ይሻላል።

ዘርአ ዳዊት አብሬህ አልወርድም ብሎ ሲያኮርፍ ዋለ።

«የቤታችንን ጥፋት ገበያ ወጥተን እንዘርግፈው?»

«የሰውየውን ስም የዘረገፍነው የት ነው? አላየሁም ነበር ትላለህ፤ ሌላ አትጨምር።»

«ሐጂ ሲጠይቁኝ?»

«የጠየቁህን መልስ። እኔን አትይ።»

በመጨረሻ እሺ አለ። ሐጂም መልእክተኛ ልከዋል፤ ይሰማል ብለዋል፣ መጀመሪያ ዘንጉን ይዞ የሚናገረው አብዱልሀሚድ፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ። የተከሳሽ ቦታ የትኛው እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ከዋርካው በስተግራ፣ ጭቃው ላይ ነው።

ይቅር ይለኛል ብዬ አልሄድም። ፊቱን አይቻለሁ፣ አይለኝም። ተመልሶ ለኔ ይጭናል ብዬም አልጠብቅም። ከሌላ ነጋዴ ጋር ሥራ ያገኝ ይሆናል... ያ ይበቃዋል፣ ለእኔም ይበቃኛል።

ነገ ዓርብ። ስድስቱን አሞሌ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ። ዘርአ ዳዊትን በጠዋት መቀስቀስ። የአብዱልሀሚድን በቅሎ ሳይጭኑ መንዳት፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል። ገበያው ሲሞላ መድረስ።